የቤተ ክርስቲያን ቃል ነው

ጥዑመልሳን ስምንት ዓመት ሙሉ በወረቀት ላይ ነጭ ሆኖ እንደኖረ ያወቀው፣ በፈረንጆቹ 1997 ሚያዝያ ውስጥ ከሠራተኛ አስተዳደሩ፣ ከኤችአር በመጣችለት አንዲት ደብዳቤ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጉለሌ ሲያድግ የሰፈር ስሙ «ቀዩ» ነበር። ታላቅ ወንድሙ ጥቁር፣ እህቱ ጠይም፣ እሱ ቀይ፤ ከአንድ እናትና አባት ሦስት መልክ ሲወጣ ጉድ ያለ ጎረቤት አልነበረም። በሱዳን በኩል ዳላስ ገብቶ፣ ኧርቪንግ ከተማ ከኤርፖርቱ አጠገብ ላለ የአውሮፕላን ምግብ የሚያሰናዳ ኩባንያ ሥራ ሲያመለክት ግን ፎርሙ ዘሩን ጠየቀው። ነጭ፣ ጥቁር፣ ሌላም ሌላም ይላል፤ ቀይ የሚል የለም። ጥቁር እንዳይል፣ ጥቁሩ ወንድሙ ነው። እንደ ሒሳብ ፈተና ብዕሩን ነክሶ ካሰበ በኋላ፣ ቀይ ከጥቁር ይልቅ ወደ ነጭ ይጠጋል ብሎ እዚያው ላይ ምልክት አደረገ። ፎርሙን የተቀበለችው ሴት ቀና ብላ እንኳን አላየችውም።

እንዲህ ያለ ስሕተት ከእኛ በቀር ማን ይሠራል? ፈረንጅ ሁላችንንም በአንድ ዓይን በሚያይበት አገር ገብተን፣ እርስ በርስ በአምስት መልክ ተከፋፍለን የምንኖር እኛ ነን።

ወደ ደብዳቤው ልመለስ። ኩባንያው ከጥቁር ሠራተኞቹ ክስ ደርሶበት ነበርና ዋናው መሥሪያ ቤት አስተማሪ ቀጠረ። ነጮቹ ማክሰኞ፣ የቀሩት ሐሙስ ይማሩ ተባለ። ደብዳቤዋም ጥዑመልሳን ለነጭ ሠራተኞች በተዘጋጀው የፀረ ዘረኝነት ትምህርትና የክህሎት ልምምድ ላይ ማክሰኞ ጠዋት እንዲገኝ በትሕትና ትጋብዛለች።

ሚስቱ እናትነሽ ደብዳቤዋን አንብባ ሶፋው ላይ ተደፍታ ሳቀች። አዲሰን ውስጥ የአረጋውያን መጦሪያ ነርስ ረዳት ናት፤ ሳቅ ሲይዛት ቶሎ አይለቃትም።

«ማለቴ፣ አንተ ነጭ ከሆንክ እኔ ምንድን ነኝ ታዲያ? ኤችአር ኮል አድርግና ካንስል አስደርገው።»

«ኦኬ፣ አደርጋለሁ» አለ፤ አላደረገም። በዚያ ሳምንት ልቡን የያዘው ሌላ ነገር ነበር። ነገሩም ቨርኔል ነበረች።

ቨርኔል ኦክ ክሊፍ የሚባለው የዳላስ ሰፈር ሰው ናት፣ ጥቁር አሜሪካዊት፤ ትሪ በሚደረደርበት መስመር ላይ ከእሱ ጎን ስምንት ዓመት ቆማለች። ሥራ በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሥጋ ለማይበሉ መንገደኞች በታዘዘው ትሪ ላይ የአሳማ ሥጋ ደርድሮ ሰማንያ አራት ትሪ ሲያበላሽ፣ ተቆጣጣሪው ሳይደርስ አንድ በአንድ አብራው ከፍታ ያስተካከለች እሷ ናት። እናትነሽ ታማ ሆስፒታል የተኛች ጊዜ መኪናዋን ሰጥታው፣ ሁለት ሳምንት በአውቶቡስ የተመላለሰችው እሷ ናት። ከቤተ ዘመድ እንኳን የማይጠበቅ ነገር አድርጋለታለች፤ ይህንን እሱም ይናገራል።

ሐበሾቹ ሠራተኞች ግን እርስ በርስ ሲያወሩ ስሟን አይጠሩም ነበር። በተለይ ፍቃዱ፣ የጭነት መኪና የሚነዳው። «ባሪያዋ መጣች»፣ «ባሪያዋ ዛሬ አኩርፋለች»፣ «ባሪያዋን ጠይቃት» ይላል፤ ሌላው ይስቃል፤ ጥዑመልሳንም ይስቃል። ክፋት የለንም፣ አፋችን ለምዶ ነው እንላለን። ማን እንዳስለመደው አንጠይቅም።

ቨርኔል ደግሞ ጆሮ አላት። ጥዑመልሳን ከተቀጠረ ገና ዓመት ሳይሞላው፣ አንድ ቀን ሰላጣ እየደረደረች ቀስ ብላ ጠየቀችው።

«ቲ» አለችው፤ ስሙን ማንም አይችልበትምና ሁሉም ቲ ነው የሚለው፤ «እኔ ብቅ ባልሁ ቁጥር አንድ ቃል እሰማለሁ። ባሪያ። እኔን ነው አይደል? ምን ማለት ነው?»

እውነቱን እንዳይነግራት አፈረ። ምንም አይደለም እንዳይል፣ ሞኝ አይደለችም። በዚያች ቅጽበት ከየት እንደመጣለት እንጃ፣ ጸሎት ትዝ አለው፤ በጸሎት ላይ «እኔ ባሪያህ» እንል የለ?

«የቤተ ክርስቲያን ቃል ነው» አላት። «የእግዚአብሔር ሰው ማለት ነው። እግዚአብሔር የራሴ የሚለው ሰው።»

ቨርኔል እጇን ከሰላጣው ላይ አነሳች። በባፕቲስት ቤተ ክርስቲያኗ የተከበረች፣ በመዘምራኑ ፊት የምትቆም ሴት ናት። ዓይኗ እንባ አቀረረ። አርባ ዓመት በሠራችባቸው ቤቶችና ፋብሪካዎች ስንት ስም ወጥቶላታል፤ ከአፍሪካ የመጡ ልጆች እንዲህ ብለው ይጠሩኛል ብላ አልጠበቀችም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጠዋት ስትገባ ኮፍያዋን እያሰረች በሩ ላይ ቆማ ታውጃለች፦ «ባሪያ መጣች፣ ልጆች!» ሐበሾቹ ትንፋሻቸው ይጠፋል። ፍቃዱ ፍሪጅ ቤት ውስጥ ገብቶ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ጥዑመልሳን መጀመሪያ ሰሞን ከነሱ ጋር ስቋል፤ ኋላ ሳቁ እየከበደው መጣ። እነግራታለሁ እያለ፣ ዛሬ ነገ እያለ፣ ስምንት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወር ቀረው።

እንግዲህ ደብዳቤዋ በመጣችበት ሳምንት ቨርኔል ደስታዋን ልታካፍለው ክንዱን ያዘችው። ልጇ እርጉዝ ናት፤ ልትወልድ ቀኗ ደርሷል፤ የምትወለደው ሴት ናት ተብሏል። ስም የማውጣቱን ነገር ልጅቷ ለእናቷ ሰጥታለች።

«ባሪያ ግሬስ» አለችው። «የአፍሪካ ስም፣ ያውም ከጓደኛዬ የተሰጠኝ። ልጄ የሕፃኗ ክፍል ግድግዳ ላይ በትልቁ ቀለም ቀብታ ጽፋዋለች።»

ጥዑመልሳን ያን ቀን ምሳ አልበላም። ቃሉ እስካሁን ፋብሪካ ውስጥ ነበር። አሁን የልደት ወረቀት ላይ ሊጻፍ ነው፤ ትምህርት ቤት ሊጠራ ነው፤ አንዲት ሕፃን ዕድሜዋን ሙሉ ልትሸከመው ነው። አንድ ቀን ዳላስ ውስጥ አንድ ሐበሻ ገንዘብ ተቀባይ ስሟን አንብቦ ፈገግ ሲል ታየው።

ማክሰኞ ጠዋት ግራ እንደተጋባ ወደ ስብሰባው ክፍል ገባ። ወንበሮች በክብ ተደርድረዋል፤ ዶናት አለ፤ አሥራ አምስት ነጮች ጉንጫቸውን ሞልተው ቀና አሉ። አስተማሪዋ ከፎርት ዎርዝ የመጣች፣ ጡረታ የወጣች መምህርት ናት፤ አርሊን ትባላለች፤ እሷም ነጭ ናት፤ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። ስም ዝርዝሩን አየች፣ እሱን አየች፣ እንደገና ዝርዝሩን አየች።

«ጌታዬ፣ ስሕተት ሳይኖር አይቀርም። የርስዎ ቡድን ሐሙስ ይመስለኛል።»

«ሐሙስ ኦፍ ነኝ» አላት።

ሌላ ምን ይበል? ቀዩ ነበርሁ ብሎ ጉለሌን ከየት ጀምሮ ያስረዳ? አርሊን ጥቂት አሰበችና ወንበር አሳየችው።

አነጋገሯ ቁርጥ ያለ ነበር። «ላስለቅሳችሁ አልመጣሁም» አለች። «ለቅሷችሁ ለማንም አይጠቅምም። እኔ የምሰጣችሁ ሙያ ነው፤ ትልቅ መኪና ወደ ኋላ እንደ መንዳት ያለ። አፍ ካልተለማመደው በሰዓቱ አይገኝም።» አንድ ሰው ፊታችሁ ክፉ ነገር ሲናገር ሦስት ሰከንድ አላችሁ፣ ከዚያ በኋላ ዝምታችሁ ራሱ መልስ ነው አለቻቸው። ከዚያም ሦስት ዓረፍተ ነገር ሰሌዳው ላይ ጻፈች። ምን ማለትህ ነው? እኔ እንደዚያ አላስብም። እኔ ባለሁበት እንዳትለው። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተለማመዱ አለች።

ለጥዑመልሳን የደረሰው ዱዌይን ነው፤ ዕቃ መጫኛው ላይ የሚሠራ፣ ከሮውሌት ከተማ የሚመላለስ፣ ትከሻው በር የሚሞላ ሰው። የዱዌይን ችግር አማቱ ነበር። እሑድ እሑድ ምሳ ላይ ስለ ጥቁሮች የሚናገረውን ነገር አሥራ ሁለት ዓመት ዝም ብሎ ሰምቷል። ስለዚህ ጥዑመልሳን አማት ሆነ። የጉለሌው ቀዩ፣ የነጭ ቴክሳሳዊ አማት።

«ዶሮውን እየጋጠ ነው የሚናገረው» አለው ዱዌይን።

ጥዑመልሳን ዶናቱን እንደ ዶሮ ያዘ። «እነዚያ ሰዎች እኮ» አለ ድምፁን አወፍሮ፣ «ሮውሌት ድረስ መጡብን። አሁን ሰፈሩ ሰፈር ይሆናል?»

ዱዌይን ሦስት ሰከንድ አለፈው። አምስትም አለፈው። አንገቱ ቲማቲም መሰለ። ትልቅ ሰው፣ ሃምሳ ኪሎ ሣጥን እንደ ትራስ የሚያነሳ ሰው፣ ለአንዲት ዓረፍተ ነገር ላብ አጠመቀው። በሦስተኛው ሙከራ ግን፣ «ፓፓ፣ እኔ ባለሁበት እንዳትለው» አለ። ጥዑመልሳን አዘነለት። ወዲያውም ቀናበት፤ ሰውየው ቢያንስ ለመሞከር መጥቷል።

«ያንተስ?» አለ ዱዌይን ግንባሩን እየጠረገ። «አንተ ዝም ያልከው ማን ፊት ነው?»

የሆነ ታሪክ ፈጥሮ ሊያልፍ ይችል ነበር፤ ፈጠራ አያቅተውም፤ ስምንት ዓመት የኖረው በፈጠራው ነው። ግን ዱዌይን ፊቱ ላይ ላቡ ገና አልደረቀም። ስለዚህ ነገረው። ቃሉን፣ ትርጉሙን፣ ሳቁን፣ የቤተ ክርስቲያን ቃል ነው ያለውን፣ የሕፃኗን ስም።

ዱዌይን ዶናቱን አስቀመጠ።

«እኔ ዝም ብቻ ነው ያልሁት» አለ። «አንተ ግን ቃሉን ልብስ አልብሰህ ሰጠሃት።» ቀጥሎም፣ «ልጅቷ መቼ ነው የምትወልደው?»

«በዚህ ሳምንት።»

«ታዲያ እዚህ ከእኔ ጋር ምን ትሠራለህ?»

ከሥራ እንደተመለሰ ነገሩን ለእናትነሽ ዘረገፈው። እናትነሽ ወጥ ታማስል ነበር፤ ማንኪያዋን አስቀምጣ አዳመጠችው። ሳቋ ዛሬ አልመጣም።

«ጥዑሜ፣ እሷ ምን ታውቃለች? በዚህ ዕድሜዋ ልታሳዝናት ነው? ስሙን ራሱ እኮ ስፔል ሲያደርጉት ሌላ ይሆናል። ሆድ ይፍጀው፣ ተወው።»

«እሷ» አለ ጥዑመልሳን።

«ምን?»

«እሷ አልሻት። ወይዘሮ ታደለችን ምን ትያቸዋለሽ?»

ወይዘሮ ታደለች እዚያው ኩባንያ ዕቃ የሚያጥቡ ሴት ናቸው፤ በእናትነሽ ቤተ ክርስቲያን ያገለግላሉ። ሐበሻው ሁሉ ተነስቶ ነው የሚያናግራቸው፤ እሳቸው ናቸው፤ አንቱ ናቸው። ዕድሜያቸው ሃምሳ አንድ ነው። ቨርኔል ሃምሳ ስምንት ናት። እንግሊዝኛ አንቱ የለውም እንል ይሆናል፤ እኛ ግን ስለ እሷ የምናወራው በአማርኛ ነበር፤ አማርኛ ደግሞ አንቱ ሞልቶታል። ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ሐበሻ እንኳን ለቨርኔል አላወጣላትም።

እናትነሽ ማንኪያዋን አንስታ ወጡን ማማሰል ቀጠለች፤ ፊቷን ሳታዞር፣ «ንገራቸው እንግዲህ» አለች።

እኔም ይህን ስተርክ እስካሁን «እሷ» እያልሁ ነው የመጣሁት። ማንም አላዘዘኝም፤ ብዕሬ በራሱ ጊዜ ሄደ። አፍራለሁ። ከዚህ ወዲያ እሳቸው ናቸው።

ረቡዕ ጠዋት ሚስ ቨርኔል እንደ ወትሮው በሰዓታቸው አልገቡም። ጥዑመልሳን መስመሩ ላይ ሆኖ በሩን እያየ፣ ሹካና ማንኪያ እያዛነቀ ደረደረ። አንድ ሰዓት ያህል ዘግይተው መጡ፤ ዓይናቸው እንቅልፍ አጥቷል፣ ፊታቸው ግን በርቷል። ኮፍያቸውን ሳያስሩ በሩ ላይ ቆሙ።

«ባሪያ መጣች፣ ልጆች!» አሉ። «እኔን ማለቴ አይደለም። እውነተኛዋ ባሪያ ጎህ ሲቀድ መጣች። ሦስት ኪሎ ተኩል።»

ሠራተኛው አጨበጨበ። ፍቃዱ ወደ ፍሪጅ ቤት ሲገባ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሚስ ቨርኔል ይህንንም ከደስታ ቆጥረውት በእጃቸው ሰላም አሉት።

ጥዑመልሳን ጓንቱን አወለቀ። በእንግሊዝኛ ሊል ያጠናው ሁሉ ጠፍቶበታል። «ሚስ ቨርኔል፣ ውጭ አንድ ደቂቃ» ብቻ አለ።

ከሕንፃው ጀርባ፣ ሠራተኛ የሚያርፍባት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። አውሮፕላን ሲያልፍ ወሬ ይቋረጣል፤ አንዱ አልፎ ሌላው እስኪመጣ ያለችው ጊዜ አጭር ናት።

«ወረቀቱ ተሞላ?» አላቸው። «የስሙ ወረቀት።»

«ነርሷ ከሰዓት በኋላ ታመጣዋለች። ምነው?»

«ያን ቃል ዋሽቼዎታለሁ።»

«የትኛውን ቃል?»

«ባሪያ የቤተ ክርስቲያን ቃል ነው ያልሁዎት ውሸት ነው። ማለቴ… በጸሎት ላይ አለ። እነሱ እርስዎን ሲጠሩበት ግን በዚያ ትርጉም አይደለም።»

ሚስ ቨርኔል ወደ እሱ ዞሩና፣ «ታዲያ በምን ትርጉም ነው?» አሉ።

የእንግሊዝኛውን ቃል ነገራቸው። አጭር ቃል ናት፤ በአንድ ትንፋሽ ታልቃለች። ልክ ሲጨርሳት አውሮፕላን አለፈ፤ ያልሰሙት መስሎት ሊደግምላቸው አፉን ከፈተ፤ እጃቸውን አንስተው ከለከሉት። ሰምተዋል።

አውሮፕላኑ ርቆ ሲሄድ ጠየቁት፤ ድምፃቸው ትሪ ላይ ስንት ሹካ ጎደለ እንደሚሉበት ያለ ነበር።

«ሁሉም ያውቃሉ?»

«አዎ።»

«በየጠዋቱ በሩ ላይ ቆሜ ስናገር ያውቃሉ።»

«አዎ።»

«አንተ ስቀሃል?»

አልሳቅሁም ለማለት ምላሱ ተነሳች፤ ያው የለመደችው መንገድ ነው። «ስቄያለሁ» አለ። ያን ጊዜ አለቀሰ። አርሊን ለቅሶ ለማንም አይጠቅምም ያለችው ትዝ አለውና ፊቱን በክንዱ ጠረገ፤ ሚስ ቨርኔልም አላባበሉትም።

ተነስተው ወደ ውስጥ ገቡ፤ ኮሪደሩ ላይ ወዳለው የሕዝብ ስልክ ሄዱ። ጥዑመልሳን ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት ሁለት እርምጃ ርቆ ቆመ። ሆስፒታሉ ልጃቸውን እስኪያገናኛቸው ድረስ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የፈረቃ ዝርዝር ያነቡ ነበር።

«የኔ ልጅ፣ ወረቀቱን እንዳትፈርሚ» አሉ። «ስሙ ይቅር… ሕፃኗ ደህና ናት፣ ሌላ ምንም የለም… ግሬስ ብቻ ይበቃታል። ግድግዳውን እኔ መጥቼ እቀባዋለሁ።» ልጅቷ ምክንያቱን ጠየቀች መሰለኝ። «እኔ ነኝ የተሳሳትሁ» አሉ። «በደንብ ሳልሰማ ቀርቼ ነው። ሌላ ቃል ኖሯል።»

ስልኩን ዘጉ። ጥዑመልሳን አመሰግናለሁ ሊል አንድ እርምጃ ቀረበ።

«እንዳታመሰግነኝ» አሉት። «ላንተ ብዬ አይደለም የዋሸሁ። ልጄ ዛሬ ነው የወለደችው። እናቷ ስምንት ዓመት በደስታ እየተነሳች ራሷን ምን ብላ ስትጠራ እንደኖረች፣ ዛሬ እንድትሰማ አልፈልግም። ሌላ ቀን እነግራታለሁ። የምነግራትም እኔ ነኝ።»

«እሺ» አለ።

ኮፍያቸውን አሰሩ።

«ያ ነጂው ሰውዬ ዳግም ሲያየኝ ይለዋል» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ ስሰማው እኔም አውቃለሁ። አንተም እንደማውቅ ታውቃለህ። ስለዚህ እኔ እሱን አላየውም፤ አንተን ነው የማይህ።»

ይህን ብለው ወደ መስመሩ ተመለሱ። ጥዑመልሳን ጓንቱን እንደያዘ ኮሪደሩ ላይ ቀረ። ከዚያ በጀርባው በር ወጣና፣ ፍቃዱ መኪናውን ሊያስነሳ ቁልፍ ሲያዞር ደርሶ በሩን በእጁ ያዘበት።